ተደጋጋሚ ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ በቨርጂኒያ

ተደጋጋሚ ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ አንድ አሽከርካሪ ቀደም ሲል በዚሁ ጥፋት ተፈርዶበት እያለ እንደገና ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ የሚቀርብበት የወንጀል ክስ ነው። በአሜሪካ ይህ ወንጀል በዋናነት የሚዳኘው በየግዛቱ ሕግ ስለሆነ ስሙም ቅጣቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በቨርጂኒያ ዲዩአይ ወይም ዲደብልዩአይ ይባላል፤ በዚያ ግዛት በሁለቱ ስሞች መካከል የቅጣት ልዩነት የለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ የቨርጂኒያን ሕግ ነው። በግዛቲቱ ሰሜን፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፎልስ ቸርች አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያሉት ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ክስ የአንድ ሌሊት ጉዳይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክስ ግን ሁለት ፋይል አላቸው፤ አንዱ አሁን የሆነው ነገር፣ ሌላው ከዓመታት በፊት የተዘጋው መዝገብ። ቅጣቱን የሚያከብደው አሮጌው መዝገብ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው በወጣትነቱ፣ ምናልባትም ያለ ጠበቃ፣ «ክሱን አምኜ ልገላገል» ብሎ የሰጠው ቃል ከዓመታት በኋላ ስንት ቀን እንደሚታሰር የሚወስን ይሆናል።

አመጣጡ

ጠጥቶ ማሽከርከርን የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ ቀድመው ካወጡት ግዛቶች አንዷ ኒውዮርክ ስትሆን ዘመኑም 1910 ነበር። ለረጅም ጊዜ ግን ጥፋቱ እንደ ተራ የትራፊክ ጉዳይ ይታይ ነበር። ይህን አመለካከት በእጅጉ የለወጠው በ1980 በካሊፎርኒያ ልጇ በሰከረ አሽከርካሪ የተገደለባት ካንዲ ላይትነር የመሠረተችው፣ ማድ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የእናቶች ማኅበር ነው። የገደላት አሽከርካሪ ከዚያ በፊትም በዚሁ ጥፋት ተይዞ የሚያውቅ ሰው መሆኑ የደጋጋሚዎችን ጉዳይ የሕዝብ መነጋገሪያ አደረገው።

የፌዴራል መንግሥቱ ግዛቶችን በቀጥታ ማዘዝ ስለማይችል በመንገድ ሥራ ገንዘብ በኩል ይጫናቸዋል። በ1998 የወጣ ሕግ ለደጋጋሚ ጥፋተኞች ዝቅተኛ ቅጣት ያልደነገገ ግዛት ከመንገድ ግንባታ በጀቱ ከፊሉ ወደ መንገድ ደኅንነት እንዲዛወርበት አደረገ። በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን 0.08 እንዲሆን የተደረገውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ በ2004 ሁሉም ግዛቶች ይህን ተቀብለው ነበር። ዩታ ብቻ በ2018 መጨረሻ ወደ 0.05 ዝቅ አድርጋዋለች።

«ማሽከርከር» ምንድን ነው

በቨርጂኒያ ለመከሰስ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ኤንሪኬዝ በተባለው መዝገብ እንደወሰነው፣ የሰከረ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ መሪው ፊት ተቀምጦ ቁልፉ በማስነሻው ውስጥ ካለ ሞተሩ ባይነሳም መኪናውን በቁጥጥሩ ሥር እንዳደረገ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሳራፊን መዝገብ ፍርድ ቤቱ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ተከሳሹ የነበረው በራሱ ቤት መግቢያ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ መኪናው በግል ይዞታ ላይ መቆሙ ክሱን እንደማያስቀር ወሰነ። ጠጥቶ «እስኪወጣልኝ መኪናው ውስጥ ልተኛ» የሚል ሰው በዚህ ሕግ መሠረት ከክስ አያመልጥም። ሐሳቡ ቀና ነበር ማለት ቅጣት ለማቅለል ሊረዳ ይችላል እንጂ መከላከያ አይሆንም።

ቅጣቱ

የመጀመሪያው ጥፋት አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ዝቅተኛው መቀጮ 250 ዶላር ሲሆን የአልኮሉ መጠን 0.15 ካልደረሰና ሌላ ማክበጃ ከሌለ የግድ መታሰር የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ክስ ጊዜ ፍርዱ በገደብ ታግዶለት ቤቱ ስለሚያድር ነገሩን አቅልሎ ያየዋል።

በሁለተኛው ጥፋት ይህ ይለወጣል። አዲሱ ጥፋት ከመጀመሪያው በ5 ዓመት ውስጥ የተፈጸመ ከሆነ ቢያንስ 20 ቀን፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ከሆነ ቢያንስ 10 ቀን እስራት ግዴታ ነው። ዝቅተኛው መቀጮ 500 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ግዴታ የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ ዳኛው የተከሳሹን የቤተሰብ ሁኔታ ቢያዝንለትም፣ ሥራውን እንደሚያጣ ቢረዳም፣ እነዚህን ቀናት በገደብ ሊያግዳቸው ሥልጣን የለውም። የአልኮሉ መጠን ከ0.15 እስከ 0.20 ከሆነ ሌላ 10 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ሌላ 20 ቀን በላዩ ይጨመራል። መኪናው ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ደግሞ 5 ቀን ይታከላል። ስለዚህ በ5 ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተይዞ የአልኮሉ መጠን 0.21 የተነበበለትና ልጁን አሳፍሮ የነበረ አባት ዳኛው ምንም ሳይጨምርበት 45 ቀን ይታሰራል።

በ10 ዓመት ውስጥ የተፈጸመ ሦስተኛ ጥፋት ቀላል ወንጀል መሆኑ ይቀርና ፌሎኒ የሚባለው ከባድ ወንጀል ይሆናል። ዝቅተኛው ግዴታ እስራት 90 ቀን ነው፤ ሦስቱም ጥፋቶች በ5 ዓመት ውስጥ ከሆኑ 6 ወር። መቀጮው ከ1,000 ዶላር አያንስም፤ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ተከሳሹ ብቻውን ባለቤት የሆነበትና በጥፋቱ ጊዜ ይዞት የነበረው መኪናም ሊወረስ ይችላል። አራተኛው ጥፋት ቢያንስ 1 ዓመት ያሳስራል። አንድ ሰው አንዴ በፌሎኒ ደረጃ ከተፈረደበት በኋላ የ10 ዓመቱ ቆጠራ አይጠቅመውም፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጽመው እያንዳንዱ ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት፣ ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ፌሎኒ ነው። ፌሎኒ ደግሞ የመምረጥ መብትንና መሣሪያ የመያዝ መብትን ያሳጣል፤ የቤት ኪራይና የሥራ ማመልከቻ ላይም ይጠየቃል።

ሰው ከሞተ ክሱ ሌላ ነው። ጠጥቶ በማሽከርከር ሰው መግደል በቨርጂኒያ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ሲሆን ነገሩ ሲከብድ እስከ 20 ዓመት ያደርሳል። በዚህ ረገድ የካሊፎርኒያ ልማድ የሚታወቅ ነው፤ ከ1981 የዋትሰን ውሳኔ ወዲህ በዚያ ግዛት ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰው «ዳግመኛ ጠጥተህ ሰው ብትገድል በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ትችላለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በኋላ ሰው ቢሞት ያ ማስጠንቀቂያ አደጋውን እያወቀ እንዳሽከረከረ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል።

ያለፈው ፍርድ እንዴት ይቆጠራል

በቨርጂኒያ ቆጠራው ከጥፋት ቀን እስከ ጥፋት ቀን ነው እንጂ ከፍርድ ቀን አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሰው በማርች 2014 ተይዞ ጉዳዩ ተጓትቶ በኖቬምበር ተፈረደበት እንበል። በጁን 2024 ዳግመኛ ቢያዝ ከፍርዱ ገና 10 ዓመት ባይሞላም ከጥፋቱ 10 ዓመት ስላለፈ እንደ መጀመሪያ ጥፋተኛ ይከሰሳል። በጃንዋሪ 2024 ቢያዝ ኖሮ ሁለተኛ ጥፋት ይሆንና ቢያንስ 10 ቀን ይታሰር ነበር። ስለዚህ ጠበቃ አዲስ ደንበኛ ሲቀበል አስቀድሞ የሚፈልገው የድሮውን የመያዣ ቀን የያዘውን ወረቀት ነው። ደንበኛው የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የቀረበበትን ቀን ስለሆነ በቃል የተነገረ ቀን ላይ መመካት አደገኛ ነው።

ሌሎች ግዛቶች በሌላ መንገድ ይቆጥራሉ። ቴክሳስና ኢሊኖይ የጊዜ ገደብ የላቸውም፤ የ30 ዓመት ፍርድም ይቆጠራል። በኒውዮርክ በ10 ዓመት ውስጥ የሚፈጸም ሁለተኛ ጥፋት ወዲያው ፌሎኒ ሊሆን ይችላል። በሌላው ጫፍ ዊስኮንሲን አለች፤ በዚያ የመጀመሪያው ጥፋት እንደ ደንቡ ወንጀል እንኳ ሳይሆን በመቀጮ የሚያልፍ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ለቨርጂኒያ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ልዩነት ግን የወንዙ ማዶ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እስከ 15 ዓመት ወደ ኋላ ትቆጥራለች፤ ሜሪላንድ ለሁለተኛ ጥፋት የ5 ቀን ግዴታ እስራት የምትጥለው በ5 ዓመት ውስጥ ለተደጋገመ ነው። ድልድይ ተሻግሮ እራት የበላ ሰው በየትኛው ዳርቻ እንደተያዘ ብቻ የተለያየ ቅጣት ይጠብቀዋል።

የሌላ ግዛት ፍርድ በቨርጂኒያ የሚቆጠረው የዚያ ግዛት ሕግ ከቨርጂኒያው ጋር በመሠረቱ ተመሳሳይ ሲሆን ነው። ይህን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕጉ ነው። ጥያቄው የሕጎቹ ስም አንድ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ሕጎቹ አንድ ዓይነት ድርጊት መከልከላቸው ላይ ነው። ሜሪላንድ ለምሳሌ ሁለት ደረጃ ያለው ጥፋት አላት፤ ዝቅተኛው በ0.07 ላይ የሚነሣ ነው። እንዲህ ያለ የታችኛ ደረጃ ፍርድ ከቨርጂኒያ ሕግ ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለው ክርክር የሚያስነሳ ነው፤ ክርክሩ የማይነሣው ጠበቃው የድሮውን የሕግ አንቀጽ ሳያነብ ሲቀር ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይን በመሰሉ የፌዴራል መንገዶች ላይ የተያዘ ሰው የሚቀርበው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ከፍተኛው እስራት 6 ወር በመሆኑ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1993 ውሳኔ የጁሪ መብት እንደሌለው አረጋግጧል። ተመሳሳይነቱ ከተረጋገጠ ይህም ፍርድ በቨርጂኒያ ይቆጠራል።

ያለፈው ፍርድ በክሱ ላይ ተጽፎ መቅረብ አለበት፤ ዐቃቤ ሕጉም በተረጋገጠ የፍርድ ቤት ቅጂ ሊያስረዳው ይገባል። በወረቀቱ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔው በግልጽ ካልሰፈረ፣ ስሙና የትውልድ ቀኑ ከተከሳሹ ጋር ካልገጠመ፣ የግዴታ ቅጣቱ መሠረት ይናጋል። የሐበሻ ስም በእንግሊዝኛ በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍና የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ መዝገቦች መደበላለቃቸው ያልተለመደ አይደለም። ይህ ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ተከሳሹ ያልሠራው ጥፋት ሊጻፍበትም ይችላል።

አሮጌውን ፍርድ ራሱን ማፍረስ ግን እጅግ ከባድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ፓርክ በራሌይ ላይ በተባለው መዝገብ፣ ተከሳሹ ተቃራኒውን የሚያሳይ ነገር ካላቀረበ በስተቀር ግዛቶች አሮጌ ፍርድ በትክክል እንደተሰጠ አድርገው እንዲወስዱ ፈቀደ። በ1994 የኒኮልስ መዝገብ ደግሞ ያለ ጠበቃ የተሰጠ የቀላል ወንጀል ፍርድ፣ በወቅቱ እስራት ካላስከተለ፣ በኋላ ቅጣት ለማክበድ ሊያገለግል እንደሚችል ተወሰነ። በቨርጂኒያ ፍርዱን በልዩ አቤቱታ ለማስነሳት ያለው ጊዜ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሲሆን አመልካቹም በዚያ ፍርድ የተነሳ በእስር ወይም በቁጥጥር ሥር መሆን አለበት። መቀጮውን ከፍሎ ገደቡን ጨርሶ የሄደ ሰው ሁለቱንም አያሟላም። የመጀመሪያው ክስ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሩ ክፍት የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው።

መንጃ ፈቃድ

የመንጃ ፈቃድ እገዳ የሚጀምረው ከፍርድ በፊት ነው። የትንፋሽ ውጤቱ 0.08 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም ምርመራውን እምቢ ያለ ሰው ወዲያውኑ ይታገዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 7 ቀን፣ ለሁለተኛ 60 ቀን ወይም ችሎቱ ቀድሞ ከደረሰ እስከዚያ፣ ለሦስተኛ እስከ ችሎቱ ቀን ድረስ። ከፍርድ በኋላ ለሁለተኛ ጥፋት የ3 ዓመት እገዳ ይከተላል። የተወሰነ ፈቃድ፣ ማለትም ለሥራ፣ ለሕክምናና ለመሳሰሉት ብቻ የሚያገለግል፣ የሚጠየቀው ጥፋቶቹ በ5 ዓመት ውስጥ ከሆኑ ከ1 ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ካለፉ ከ4 ወር በኋላ ነው። ለሦስተኛ ጥፋት እገዳው ማብቂያ የለውም፤ ሰውየው ከ3 ዓመት በኋላ የተወሰነ ፈቃድ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ሙሉ ፈቃድ እንዲመለስለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

ፈቃዱ ሲመለስ ከነግዴታው ነው። ኢግኒሽን ኢንተርሎክ የሚባለው፣ አሽከርካሪው እየተነፈሰበት ሞተሩን የሚያስነሳው መሣሪያ በስሙ ባለው መኪና ሁሉ ላይ ይገጠማል። ቫሳፕ በሚባለው የግዛቲቱ የአልኮል ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኤፍአር 44 በሚባል የምስክር ወረቀት ከተለመደው ዝቅተኛ መጠን እጥፍ የሆነ የመኪና መድን መያዙን ለ3 ዓመት ማሳየት ይጠበቅበታል። በእገዳ ላይ ሆኖ ማሽከርከር ለብቻው ወንጀል ነው፤ በተወሰነ ፈቃድ የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ 0.02 እንኳ ቢገኝበት በአዲስ ወንጀል ይከሰሳል።

የከባድ መኪናና የአውቶቡስ አሽከርካሪዎች ጉዳይ ከሁሉም ይከፋል። በፌዴራል ደንብ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁለተኛ ፍርድ ከተፈረደበት ለዕድሜ ልክ ይታገዳል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግዛቱ ከፈቀደ ሊመለስለት ይችላል። ጥፋቱ በእረፍት ቀን፣ በግል መኪና የተፈጸመ መሆኑ አያድነውም።

የመከላከያ መንገዶች

አሮጌውን መዝገብ መመርመር ከላይ ተነግሯል። አዲሱን ሌሊት በተመለከተ የመጀመሪያው ጥያቄ ፖሊሱ መኪናውን ያስቆመው በምን ምክንያት ነው የሚል ነው። ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካልነበረው ከዚያ በኋላ የተገኘው ማስረጃ ሁሉ እንዲወጣ መጠየቅ ይቻላል። የፍተሻ ኬላዎች ግን የተለዩ ናቸው፤ በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሥርዓት የተዘጋጀ ኬላ ያለ ግል ጥርጣሬም ሕጋዊ ነው ብሏል።

በመንገድ ዳር የሚሰጡት የአካል ፈተናዎች፣ የዐይን ክትትል፣ ዘጠኝ እርምጃ በመስመር መሄድና መመለስ፣ በአንድ እግር መቆም፣ በእንግሊዝኛ መመሪያ የሚሰጡ ናቸው። መመሪያውን በትክክል አለመከተል እንደ ስካር ምልክት ይመዘገባል። እንግሊዝኛ የማይቀናው ሰው «ጀምር እስክልህ ቁም» የተባለውን ሳይረዳ መራመድ ቢጀምር ይህ የቋንቋ ችግር መሆኑን በፖሊሱ ካሜራ ቅጂ ማሳየት ይቻላል። የጀርባ፣ የእግርና የጆሮ ሕመም፣ እንዲሁም እድሜ፣ ውጤቱን እንደሚያበላሹ የፈተናው መመሪያ ራሱ ይቀበላል።

በመንገድ ላይ የሚሰጠው ትንሹ የትንፋሽ መለኪያ ውጤት ጥፋተኝነትን ለማስረዳት አይቀርብም፤ ለመያዝ በቂ ምክንያት መኖሩን ለማሳየት ብቻ ነው። በጣቢያ የሚደረገው ምርመራ ግን ዋናው ማስረጃ ነው። ይህ ምርመራ ግዴታ የሚሆነው ተጠርጣሪው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተያዘ ነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሄዶ ቤቱ የተገኘ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚህች ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው መቼ እንደተነዳ የሚያውቅ ምስክር ከሌለ 3 ሰዓቱ ማለፍ አለማለፉን ማን ያውቃል? ከምርመራው በፊት መርማሪው ተጠርጣሪውን 20 ደቂቃ መመልከት አለበት፤ ካገሳ ወይም ካስመለሰ በአፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ንባቡን ሊያዛባ ይችላል።

በጣቢያው የትንፋሽ ምርመራን እምቢ ማለት ለደጋጋሚ ጥፋተኛ ጠቃሚ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ራሱ ሌላ ክስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የፍትሐ ብሔር ጥፋት ሆኖ ለ1 ዓመት መንጃ ፈቃድ ሲያሳጣ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ቀድሞ ለተፈረደበት ሰው አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀልና የ3 ዓመት እገዳ ይሆናል። ደም ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በበርችፊልድ መዝገብ ከተያዘ ሰው ትንፋሽ ያለ ማዘዣ መውሰድ እንደሚቻል፣ ደም ለመስጠት እምቢ ያለን ግን ያለ ማዘዣ በወንጀል መቅጣት እንደማይቻል ወሰነ። ለዚህም ነው ፖሊስ ዛሬ ደም ሲፈልግ ዳኛ ፈልጎ ማዘዣ የሚያስወጣው።

ብዙው ጉዳይ ግን በክርክር ሳይሆን በስምምነት ያልቃል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ሳስቶ ከታየው ሁለተኛውን ክስ ወደ መጀመሪያ ወይም ወደ ግዴለሽ ማሽከርከር ሊያወርድ ይችላል፤ ይህ ግዴታ እስራቱን ያስቀራል። ከችሎቱ በፊት የሕክምና ፕሮግራም መጀመርና መጨረስ በዚህ ድርድር ላይ ክብደት አለው፤ የግዴታ ቀናትን ባያነሳም ከዚያ በላይ ያለውን እስራት ሊያስቀንስ ይችላል። ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው፤ አሮጌው ፍርድ መቆጠሩ ሳይመረመር የተፈረመ ስምምነት ለቀጣዩ ክስ መሠረት ይጥላል።

ቀላል ወንጀሉ በመጀመሪያ የሚታየው ያለ ጁሪ በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው። በፍርዱ ያልተስማማ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ቢል ጉዳዩ በሰርኪዩት ኮርት እንደ አዲስ፣ ከተፈለገም በጁሪ ፊት፣ ይሰማል፤ ይህ ሁለተኛ ዕድል ያለ ተጨማሪ ምክንያት የሚገኝ መብት ነው፤ 10 ቀኑ ካለፈ ግን ይቀራል። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተከሳሽ እስራት የሚያሰጋው ከሆነ በመንግሥት ይመደብለታል። እንግሊዝኛ ለማይናገር ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመድባል፤ ልጅ ወይም ዘመድ እንዲያስተረጉም መስማማት የለበትም።

ዜጋ ላልሆኑ

ግሪን ካርድ ላለው ሰው የመጀመሪያው ሥጋት ከአገር መባረር ነው። በ2004 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሊዮካል መዝገብ፣ በቸልተኝነት ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ሰው ቢጎዳም፣ በስደተኞች ሕግ «የኃይል ወንጀል» አይደለም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ተራ የዲዩአይ ፍርድ በራሱ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አያስባርርም። ይህ ግን ሙሉ ሥዕሉ አይደለም።

በ2019 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በካስቲዮ ፔሬዝ መዝገብ በሰጡት ውሳኔ፣ በሚመዘነው ዘመን ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የዲዩአይ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ምግባር እንደሌለው ተደርጎ ይገመታል። ግምቱን በሌላ ማስረጃ ማፍረስ ይቻላል፤ መጠጥ ማቆም ብቻውን ግን እንደማይበቃ ውሳኔው ይገልጻል። መልካም ምግባር ደግሞ የዜግነት ማመልከቻና ከመባረር የሚያድኑ አንዳንድ ከለላዎች መስፈርት ነው። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ፣ ኢትዮጵያውያን በ2022 የተፈቀደላቸው ዓይነት፣ በሕጉ ላይ ይበልጥ ግልጽ መስመር አለው፤ አንድ ፌሎኒ ወይም ሁለት ቀላል ወንጀል የተፈረደበት ሰው አይፈቀድለትም። በቨርጂኒያ ሁለት ዲዩአይ ማለት ሁለት ቀላል ወንጀል ነው።

የፌዴራል የስደተኞች ሕግ «ፍርድ» የሚለው ከግዛቶች ትርጉም ይሰፋል። ሜሪላንድ ለመጀመሪያ ጥፋተኛ ፍርዱን ሳትመዘግብ በአመክሮ የምትለቅበት አሠራር አላት፤ በግዛቲቱ ሕግ ይህ የጥፋተኝነት ፍርድ አይባልም። ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ፍርድ ቤቱ ማንኛውንም ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት ግን ለስደተኞች ባለሥልጣናት ፍርድ ነው። «አልተፈረደብኝም» ብሎ የዜግነት ፎርም የሞላ ሰው በዚህ ልዩነት ሐሰት እንደተናገረ ሊታይ ይችላል።

በ2010 በፓዲያ መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ለውጭ ዜጋ ደንበኛው ጥፋቱን ማመኑ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። በ2013 የቻይዴዝ መዝገብ ግን ይህ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደማይሠራ ተወሰነ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2011 በሞሪስ መዝገብ፣ ጠበቃቸው ያልመከራቸው ሰዎች አሮጌ ፍርዳቸውን ለማስነሳት የሞከሩባቸውን ጥንታዊ የአቤቱታ ዓይነቶች ዘግቷል። ከ2010 በፊት ያለ ምክር የታመነ ክስ ዛሬም በዚያ ሰው መዝገብ ላይ እንዳለ ነው።